ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሕፃናትና የደም ካንሰር፦ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት

እነዚህ ጥያቄዎች በጥቁር አንበሳ ወረፋ ላይም በስልክም ደጋግመው ይመጣሉ፤ መልሶቹ ግን የልጃችሁን ሐኪም አይተኩም።

ዳውን ሲንድረም ምንድን ነው? ከደም ካንሰር ጋርስ ምን አገናኘው?

የሰው ሴል አብዛኛውን ጊዜ 46 ክሮሞሶም አለው። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ 47 አለው፤ 21ኛው ክሮሞሶም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሆኗል። ይህን ፈረንሳዊው ሐኪም ዤሮም ሌዠንና ባልደረቦቹ ያሳወቁት በ1959 እ.ኤ.አ. ነው።

ትርፉ ክሮሞሶም መልክና ዕድገት ላይ ብቻ አይቆምም። ልብ፣ ታይሮይድና አንጀት ላይም ይታያል፤ ደም አመራረት ውስጥም ይገባል። ልጁ ገና ማህፀን ውስጥ ሳለ ደሙ በዋናነት የሚመረተው ጉበቱ ውስጥ ነው። እዚያ ያሉት ደም ሠሪ ሴሎች ትርፍ ክሮሞሶም ሲኖራቸው ከልክ በላይ ይራባሉ። ሴሎች እንዲህ ሲራቡ ደግሞ ጂናቸው ላይ ስህተት የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል። ሉኪሚያ የምንለው የደም ካንሰር መነሻው ከዚህ ነው።

ታዲያ ልጄ ሉኪሚያ ይይዘዋል ማለት ነው?

አይደለም። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው 100 ልጆች ሉኪሚያ የሚይዛቸው ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው። ኢንተርኔት ላይ «ከሌላው ልጅ ከ10 እስከ 20 እጥፍ» የሚለውን አንብባችሁ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛችሁ ካላችሁ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ግን በሌላው ልጅ ላይ ሉኪሚያ በጣም ብርቅ በሽታ ስለሆነ፣ ብርቅ ነገር ሃያ እጥፍ ቢሆንም ያው ጥቂት ነው።

በነገራችን ላይ እንደ ጡት ካንሰር ያሉ እብጠት የሚፈጥሩ ካንሰሮች ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው ያነሱ ናቸው። ይህን ለወላጅ የሚነግር ብዙም አይገኝም።

ጥፋቱ የኛ ነው? ያልበላሁት ወይም የበላሁት ነገር አለ?

የለም። ምግብም፣ ድንጋጤም፣ እርግዝና ላይ የተሠራ ሥራም አያመጣውም። የእናት ዕድሜ ሲጨምር ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድል ይጨምራል፤ ወጣት እናቶችም ግን ይወልዳሉ። ሉኪሚያውን የሚያመጣው የጂን ለውጥ ደግሞ ልጁ ደም ውስጥ ብቻ የተፈጠረ ነው፤ ከእናትም ከአባትም አልተወረሰም፣ ወደ ወንድምና እህትም አይተላለፍም።

ሌላ ልጅ ስለመውለድ የምታስቡ ከሆነ የልጃችሁን የክሮሞሶም ምርመራ ውጤት ይዛችሁ ሐኪም አማክሩ። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ከመቶ ሦስት ወይም አራት በሚሆኑት ላይ ትርፉ 21ኛ ክሮሞሶም ከሌላ ክሮሞሶም ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ያኔ ወላጆችም መመርመር አለባቸው።

ገና በሦስተኛ ቀኑ «ደሙ ላይ ሉኪሚያ የሚመስል ነገር አለ» ተባልን። ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ «ጊዜያዊ ሉኪሚያ» የሚባለው ነው። ሐኪሞች ባጭሩ «ታም» ይሉታል። ደም ውስጥ ብላስት የሚባሉ ያልበሰሉ ሴሎች ይበዛሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከእውነተኛው ሉኪሚያ አይለዩም። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው አራስ ሕፃናት ከ5 እስከ 10 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይታያል። ምንም ምልክት የሌላቸውም ተጨምረው ደማቸው በጂን ምርመራ ሲፈተሽ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 30 በመቶ ይጠጋል።

የሚገርመው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አብዛኛው ያለ ምንም ሕክምና፣ በጥቂት ሳምንታት ወይም በሦስት ወር ገደማ ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ካንሰር የሚመስል ነገር በራሱ ጊዜ ሲሄድ ማየት በሕክምናው ዓለም ብዙ የተለመደ አይደለም። «አራስ ልጄን ኬሞ ሊያስጀምሩብኝ ነው» ብላችሁ አስቀድማችሁ አትደንግጡ። በዚያው ልክ «ይጠፋል ተብሏል» ብላችሁ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። በታም ከታመሙት ሕፃናት ከአሥሩ አንድ ወይም ሁለት የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕይወታቸው ያልፋል፤ ምክንያቱ በአብዛኛው የጉበት ጉዳት ወይም በሰውነት ውስጥ ውሃ መቋጠር ነው።

ለምንድን ነው በራሱ የሚጠፋው?

በታም ውስጥ «ጋታ-1» የሚባል ጂን ተለውጦ ይገኛል። የጂኑ ነገር የታወቀው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ጂን ቀይ ደምና ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው) የሚሆኑ ሴሎች በወጉ እንዲበስሉ የሚያዝ ነው። ሲለወጥ ሴሎቹ ሳይበስሉ ይባዛሉ። ግን የሚመቻቸው በጽንስ ጉበት ውስጥ ነው። ልጁ ሲወለድ ደም ማምረቱ ከጉበት ወደ አጥንት መቅኔ ይዞራል፤ ያን ጊዜ የሚመቻቸው ቤት ስለሚያጡ እየከሰሙ ይሄዳሉ ተብሎ ነው የሚታሰበው።

ምን ምርመራ ነው የሚያስፈልገው? መቼ?

ዳውን ሲንድረም የተጠረጠረ ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴሎች ቆጠራ መሠራት አለበት። እናት በወለደች በማግስቱ ወደ ቤት ስለምትላክ ይህ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። የአራስ ፊት እብጠት ስላለው ራሱ ዳውን ሲንድረሙም ሳይታወቅ ወራት ያልፋሉ። ዘግይታችሁ ያወቃችሁም ብትሆኑ ሲቢሲውን አሠሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ደሙ ሐምራዊ ክዳን ባለው ትንሽ ቱቦ ይቀዳና ማሽን ይቆጥረዋል። የሚወጣው ወረቀት ላይ ከቁጥሮቹ ጎን «ኤች» ወይም «ኤል» ይላል፤ በዛ ወይም አነሰ ማለት ነው። ማሽኑ ግን ብላስትን ሊምፎሳይት ወይም ሞኖሳይት ከሚባሉት ጤነኛ ነጭ የደም ሴሎች ጋር ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ አንድ ጠብታ ደም መስታወት ላይ ተለቅልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በሰው ዓይን መታየት አለበት። «ፔሪፈራል ሞርፎሎጂ» የሚባለው ይሄ ነው። ካልታዘዘ አትፈሩ፤ «ሲስተር፣ ሞርፎሎጂውም ይታይልን» በሉ። ከቁጥር ወረቀቱ በላይ የሚያስተማምነኝ እሱ ነው።

ውጤቱ ላይ ፕሌትሌት ዝቅ ብሎ ወይም ቀይ ደም በዝቶ ብታዩ ያ ብቻውን ታም አይደለም። ዳውን ሲንድረም ባለባቸው አራሶች ላይ ሁለቱም የተለመዱ ናቸው። ጥቂት ብላስትም ቢሆን በብዙዎቹ ላይ ይታያል። ስንት በመቶ ነው፣ ጉበቱስ እንዴት ነው የሚለውን አገናኝቶ የሚፈርደው ሐኪሙ ነው።

ቢጫ ሆኗል። ፀሐይ ብናሞቀው አይበቃም?

አያት መጥታ «የጠዋት ፀሐይ አሙቂው፣ ይለቀዋል» ትላለች። አራስ ላይ የሚታይ ቀላል ቢጫነት ብዙ ጊዜ በራሱ ስለሚለቅ ምስጋናውን ፀሐይ ትወስዳለች። ዳውን ሲንድረም ባለበት ልጅ ላይ ግን በዚህ አትዘናጉ። በታም ጊዜ ብላስቶቹ ጉበት ውስጥ ገብተው ይጎዱታል፤ ከዚያ የሚመጣው ቢጫነት በፀሐይም በመብራትም አይለቅም።

ካካው አመድ መስሎ ከነጣ፣ ሽንቱ ዳይፐሩን አጥቁሮ ከቀባ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ቢጫነቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። «ዳይሬክት ቢሊሩቢን» የሚባለው ተለይቶ እንዲሠራ ጠይቁ። የታይሮይድ ምርመራም አብሮ ይሠራ፤ የታይሮይድ ማነስ በነዚህ ልጆች ላይ ስለሚበዛና እሱም ቢጫነትን ስለሚያረዝም።

በስምንተኛው ቀን ልናስገርዘው ነበር። ፕሌትሌቱ ዝቅተኛ ነው ተባለ። ይቆይ?

ይቆይ። ፕሌትሌት ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ነው። ዝቅ ባለበት ሰዓት ልጅን ማስገረዝ የማይቆም መድማት ሊያስከትል ይችላል። ስምንተኛው ቀን ስንት ትርጉም እንዳለው አውቃለሁ፤ ቤተሰብም ይጠይቃል። «ደሙ እስኪስተካከል ሐኪም አቆየው» ማለት በቂ መልስ ነው፤ ቁጥሩ ሲመለስ በጤና ተቋም ይገረዛል።

እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ግን ለማንም ልጅ አይደረግ፤ ፕሌትሌቱ ላነሰ ልጅ ደግሞ በቀጥታ ሕይወቱን ነው የሚነጥቀው። አስፕሪንም አትስጡ።

ታም ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ልጁ ደህና ጠብቶ፣ ደህና ተንፍሶ፣ ጉበቱም ብዙም ካላበጠ ክትትል ብቻ ይበቃዋል። ነጭ የደም ሴሉ ከ100,000 ካለፈ፣ ጉበቱ መሥራት እያቃተው ከሆነ፣ በሆድ ወይም በልብና በሳንባ ዙሪያ ውሃ ከቋጠረ፣ ወይም ያበጠው ሆድ መተንፈስ ከከለከለው ሲታራቢን የሚባል መድኃኒት በትንሽ መጠን ለጥቂት ቀናት ይሰጣል። ለትልቅ ልጅ ሉኪሚያ ከሚሰጠው ኬሞ በእጅጉ ያነሰ ነው። የልጁን ሕይወት ያተርፋል፤ ወደፊት ሊመጣ የሚችለውን ሉኪሚያ ግን አይከላከልም።

ከጠፋ በኋላ ለምን «በየሦስት ወሩ ተመለሱ» ይሉናል?

ምክንያቱም ታም ከነበረባቸው ልጆች ከአምስቱ አንዱ ገደማ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ውስጥ እውነተኛ ሉኪሚያ ይይዘዋል። ከጠፉት ሴሎች ጥቂቶቹ ተደብቀው ይቀሩና ሌላ የጂን ለውጥ ይጨምራሉ። ብዙ ጊዜ ከሉኪሚያው በፊት ለወራት ፕሌትሌት ቀስ እያለ ይወርዳል። በየሦስት ወሩ የሚሠራው ሲቢሲ ይህን ቀድሞ ለመያዝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ 4 ዓመት እስኪሞላው ይቀጥላል።

ቀጠሮውን የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ልጁ ደህና መምሰሉ ነው። ሲጫወት፣ ሲስቅ ውሎ «ለምን ደሙን ያስቀዱታል?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። የሲቢሲ ወረቀቶቹን በቀናቸው ቅደም ተከተል በአንድ ፕላስቲክ ፎልደር አስቀምጡ። ለብቻው ሲታይ ደህና የሚመስል ቁጥር ካለፉት ሦስት ውጤቶች አጠገብ ሲቀመጥ እየወረደ መሆኑ ይታያል።

ቤት ውስጥ የትኛውን ምልክት ልጠብቅ?

ሳይመታ መበለዝ፣ ቆዳ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ቀያይ ነጠብጣቦች፣ የማይቆም ነስር፣ የድድ መድማት፣ መገርጣት፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ ቶሎ ቶሎ መታመም፣ የሆድ ማበጥ። ገርጥቶ እንደሆነ በፊቱ ቀለም መለየት ካቃታችሁ መዳፉን፣ ከንፈሩንና የታችኛውን የዓይን ሽፋን ውስጡን እዩ።

የአጥንት ሕመም የሚያሳስት ምልክት ነው። እነዚህ ልጆች መራመድ የሚጀምሩት ዘግይተው ስለሆነ «ያው ዳውን ሲንድረሙ ነው» ይባላል። ገና ያልተራመደ ልጅና መራመድ ጀምሮ የተወ ልጅ ግን አንድ አይደሉም። የተወው መታየት አለበት። ሕመሙን በቃል የማይናገር ልጅ ከሆነ ደግሞ፣ ስታቅፉት ማልቀሱ ራሱ ንግግር ነው።

«ማይሎይድ ነው» እና «ሊምፎብላስቲክ ነው» የሚሉት ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ከታም የሚከተለው ማይሎይዱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል፣ የጋታ-1 ለውጥ አለበት፣ ለኬሞም በጣም ይታዘዛል። በተለይ ሲታራቢን እነዚህን ሴሎች ክፉኛ ይመታቸዋል። ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች ከአሥሩ ዘጠኝ የሚሆኑት ይድናሉ፤ ያውም ለሌሎች ልጆች ከሚሰጠው በቀነሰ መጠን። እዚህ ላይ ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ዕድሉ ከሌላው ልጅ የተሻለ ነው። በሽታው ከዳነ በኋላ ከተመለሰ ግን ማዳን ይከብዳል።

ሊምፎብላስቲኩ ሌላ ታሪክ ነው። ከታም ጋር አይያያዝም፤ ሕፃኑ አንድ ዓመት ሳይሞላው የሚመጣውም አልፎ አልፎ ነው። ሕክምናው ከሁለት ዓመት በላይ ይወስዳል። ብዙዎች ይድናሉ፤ ነገር ግን በሽታው የመመለሱም፣ በሕክምናው መሀል በኢንፌክሽን የመሞቱም ዕድል ከሌሎች ልጆች ከፍ ያለ ነው።

«ዳውን ሲንድረም ስላለበት ኬሞውን አይችለውም፣ ተዉት» ተባልን። እውነት ነው?

እውነት አይደለም። ይህ አባባል ስንት ጊዜ እንደሚሰማ ሳስብ ያናድደኛል፤ አንዳንዴ ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው ጭምር ነው የሚመጣው። ከላይ እንዳልኩት ማይሎይዱ ላይ እንዲያውም የተሻለ ውጤት ያላቸው እነሱ ናቸው።

ግማሽ እውነት ያለው ግን እዚህ ላይ ነው፦ መድኃኒቱ ይበረታባቸዋል። ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የኬሞ መድኃኒት ወደ ሴል የሚያስገባው ጂን ያለው 21ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። ክሮሞሶሙ ሦስት ሲሆን መድኃኒቱ በብዛት ይገባል፤ ስለዚህ አፋቸው ይቆስላል፣ አንጀታቸው ይጎዳል። ቪንክሪስቲን የሚባለው ሌላው የኬሞ መድኃኒት የሆድ ድርቀታቸውን ያብሳል። ስቴሮይድ ስኳራቸውን ሊያወጣው ይችላል። የልብ ጉድለት ያለባቸውም ብዙ ስለሆኑ ኬሞ ከመጀመሩ በፊት የልብ አልትራሳውንድ ይታያል። ይህ ሁሉ መጠንን ለማስተካከልና ነቅቶ ለመከታተል ነው እንጂ ሕክምናውን ለመከልከል አይደለም። «ተዉት» ከተባላችሁ የሕፃናት ካንሰር ሐኪም ሳያየው አትቀበሉ።

ኬሞ ላይ ሆኖ ቢያተኩሰውስ?

38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቁ። ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማየትም አይሆንም፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አይነካውም። ቴርሞሜትር ቤት ይኑር። ማታ ቢሆንም ታክሲ ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ በር ላይ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ነው፣ አተኩሶታል» ይሁን። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ኢንፌክሽንን የመቋቋም አቅማቸው ስለሚያንስ ሰዓታት ትልቅ ለውጥ ያመጣሉ። አንዳንዴም ሳያተኩሳቸው ይፈዛሉ፤ ያም እንደ ትኩሳት ይቆጠር።

ጸበል መውሰድ ይቻላል? የባህል መድኃኒትስ?

ጸሎቱንና እምነቱን ማንም አይነካባችሁም፤ የምታውቋቸው ካህንም ኬሞውን አቋርጡ አይሏችሁም። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለሱባኤ ተብሎ የሚያልፍ የኬሞ ቀጠሮ በሽታው እንዲመለስ በር ይከፍታል። ሁለተኛ፣ ነጭ የደም ሴሉ በወረደበት ሰሞን ያልፈላ ውሃና የሕዝብ ግፊያ ለልጁ አደጋ ናቸው። ቀኑን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ ምረጡ።

በአፍ የሚሰጥ ሥራ ሥርና ቅጠል ግን ይቅር። ጉበት ላይ ከኬሞው ጋር ይጋጫል። ያልፈላ ወተትና ጥሬ ሥጋም ይቅር።

ክትባቱስ?

ታም ብቻ ያለበትና ክትትል ላይ ያለ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ክትባቱን በጊዜው ይወስዳል፤ ፕሌትሌቱ ዝቅ ካለ በመርፌ ከመወጋቱ በፊት ንገሩ። ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ግን እንደ ኩፍኝና በአፍ እንደሚሰጠው ፖሊዮ ያሉ ሕያው ክትባቶችን አይወስድም። ዘመቻ ቤት ለቤት ሲመጣ «ኬሞ ላይ ነው» በሉ።

አዲስ አበባ ላይ የት እንሂድ?

ከጤና ጣቢያ ወይም ከወለዳችሁበት ሆስፒታል ሪፈራል አጽፉ። የሕፃናት ካንሰር ክፍል ያለው ቸርችል ጎዳና አጠገብ፣ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ሪፈራሉን፣ የሲቢሲና የሞርፎሎጂ ወረቀቶቹን፣ የክትባት ካርዱን፣ ካላችሁም የጤና መድህን መታወቂያውን ይዛችሁ በጠዋት ድረሱ። ወረፋ አለ። ለልጁ የሚበላም የሚቀየርም ያዙ።

ከክፍለ ሀገር የመጣችሁ ማደሪያ ካጣችሁ ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅት ካንሰር ላለባቸው ልጆችና ለአስታማሚዎቻቸው ማረፊያና ምግብ ይሰጣል። ልጃቸውን በሉኪሚያ ያጡት አቶ ወንዱ በቀለ ያቋቋሙት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም አለ። ስለ ዳውን ሲንድረሙ ደግሞ ዲቦራ ፋውንዴሽንን ጠይቁ።

ልጃችን ዳውን ሲንድረም አይመስልም፤ ግን ታም አለበት ተባለ። ይህ እንዴት ይሆናል?

ይሆናል። «ሞዛይክ» የሚባል ዓይነት አለ፦ ትርፉ ክሮሞሶም ያለው በአንዳንድ ሴሎች ብቻ ነው። ልጁ መልኩ ላይ ምንም ላይታይበት ይችላል። ደም ሠሪ ሴሎቹ ውስጥ ካለ ግን ታም ሊመጣ ይችላል።

ምርመራው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብላስቶቹ ራሳቸው ትርፍ 21ኛ ክሮሞሶም ስለሚኖራቸው፣ በሽታው ባለበት ሰዓት የተቀዳ ደም ልጁን በሙሉ ዳውን ሲንድረም ያለበት ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ ብላስቱ ከጠፋ በኋላ ደሙ እንደገና ይመረመራል፤ ወይም ከቆዳ ናሙና ይወሰዳል። ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጁ ኋላ ላይ ማይሎይድ ሉኪሚያ ቢይዘው፣ የተቀነሰው ኬሞ ይበቃዋል ወይስ ሙሉው ይሰጠው የሚለው በዚህ ውጤትና በጋታ-1 ምርመራ ይወሰናል። የመጀመሪያው የክሮሞሶም ወረቀት ላይ ደሙ የተቀዳበትን ቀን አጽፉ።